ጎማው ይበላ፣ ቸርኬው ይትረፍ

ድሬ ውስጥ አንድ ሰው መኪና ገዛ ሲባል ጓደኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ምኑን ይመስላችኋል? ሞተሩን? አይደለም። ሊብሬውን? እሱንም አይደለም። ቸርኬውን ነው። «አቦ ቸርኬዋ አንደኛ ናት!» ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመረቃል። ጎንበስ ብሎ በቸርኬውና በአስፋልቱ መሀል ያለው ላስቲክ ስንት ጣት እንደሚሆን የሚለካ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ላስቲክ ነው። ኳስና ፖለቲካ የጠበቃችሁ ለዛሬ ብቻ ታገሱኝ።

ጎማ ለመንከባለል ብቻ የተሠራ የሚመስለን ብዙ ነን። ሌላም ሥራ ግን አለው። ከቸርኬው ቀድሞ መመታት፣ ከቸርኬው ቀድሞ መፋቅ፣ ከቸርኬው ቀድሞ ማለቅ። በደንብ የታሰበበት ጎማ ይህን እያሰቡ የሠሩት ጎማ ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ አሸዋና በዚህ ድንጋይ መሀል እየኖርን፣ ይህን ሥራ መሥራት የማይችለውን ጎማ መርጠን፣ ያውም በውድ ዋጋ እንገዛለን። የእኔ ቅሬታ ይኸው ነው።

እስቲ ከከዚራ እንጀምር። የከዚራን ዛፎች የማይወድ የድሬ ልጅ የለም፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ፍቅሩ ይብሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና መሪው አይያዝም፣ ወንበሩ አያስቀምጥም። ስለዚህ ሹፌር ሁሉ የተገኘችውን ጥላ ለመሻማት ወደ ዛፉ ይጠጋል። ዛፉ ያለው የእግረኛው መንገድ ላይ ነው። መጠጋት ማለት እንግዲህ ከጠርዝ ድንጋዩ ጋር መታሸት ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ክርርርር! ድንጋዩን የነካው ላስቲክ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ጥርስ የሚያንገጫግጨው፣ በረንዳ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣውን ሁሉ ቀና የሚያደርገው አሉሚኒየሙ ነው።

ከከዚራ ወጥተን ወደ ሰፈር ስንገባ ኮብልስቶኑ ይቀበለናል። ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ ደረጃ የምታህል ጠርዝ አለች። ያለ ምልክት ድንገት ፊታችን የሚጋደም ብሬከር አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ድንጋዩን መንገድ ላይ አራግፎ ይሄዳል። መንገድ ይሠራ፣ ይስተካከል ማለት አንድ ነገር ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን መንገዱ እስኪስተካከል የሚነዳው መኪና የትኛው ነው?

የድሮ ታክሲያችንን ፔጆ 404ን አስታውሱ። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈላት መኪና ናት። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ከረሷት በኋላ ሐረርና ድሬ ላይ ስንት ዓመት እንደሠራች አባቶቻችንን ጠይቁ። ለዚያ ሁሉ ዕድሜ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመካኒኮቻችን እጅ አንዱ ነው። ጎማዋ ግን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው ዲያሜትር 380 ሚሊ ሜትር ነበር። በዚያ ዘመን የጎማ ጎን ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ ገደማ ስለነበረ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ላስቲክና አየር አለ ማለት ነው። በጣት ብትለኩት ሰባት ጣት ይሆናል። ቸርኬው ደግሞ ጥቁር ብረት ነው፤ ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል። ውበት የለውም፣ ግን ማንም ለውበቱ አልገዛውም።

አሁን የራሳችሁን ጎማ ጎን አንብቡ። ለምሳሌ 195/65 አር 15 ይላል እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የ195 ስልሳ አምስት በመቶ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መልካም ነው። 225/45 አር 17 ከሆነ ወደ 101 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። «ተለቅ ያለ ቸርኬ ላስገባላት» ብሎ 245/35 አር 20 ያስገጠመ ሰው ጋ ስንደርስ 86 ሚሊ ሜትር ቀርቷል። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ላስቲኩ ሲቀንስ እያያችሁ ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚያስቀኝ ባጃጅ ነው። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ይባላል፤ አራት ኢንች ስፋት፣ ስምንት ኢንች ቸርኬ። እንዲህ ዓይነት ጎማ ጎኑና ስፋቱ ስለሚቀራረብ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጎን አለው። ማለትም ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ከዚያች ባለ 17 ኢንች ቸርኬ መኪና እኩል ላስቲክ አላት! ባጃጅ ነጂ የጠርዝ ድንጋይ አይቶ የማይደነግጠው ልቡ ደንዳና ስለሆነ ብቻ አይደለም። የራይድ ሹፌሮች የሚወዷት ሱዙኪ ዲዛየርም በመነሻ ሞዴሏ 165/80 አር 14 ጎማ ነበራት። አስሉት፤ 132 ሚሊ ሜትር። ያቺው የ404 ልክ ናት። መንገድ ላይ እንጀራቸውን የሚጋግሩ ሰዎች የሚመርጡት መኪና ጎማው ምን እንደሚመስል ማየት በራሱ ትምህርት ነው።

ይህ ቁመት ምን ያደርጋል? ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚጎዳው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ከፊት ያለው የጉድጓዱ ጠርዝ ጎማውን ወደ ቸርኬው ይጨፈልቀዋል። ጎኑ ረጅም ከሆነ አየሩ ተጨምቆ፣ ላስቲኩ ተለጥጦ ምቱን ይበላዋል፤ ቸርኬው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጎኑ አጭር ከሆነ ግን ላስቲኩ በድንጋዩና በቸርኬው መሀል እንደ ምላስ ይነከሳል። ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሱና በማግስቱ የጎማው ጎን ላይ እንቁላል የምታህል እባጭ ትወጣለች። ጎሚስታው እባጯን አይቶ «አብሽር፣ ትሄዳለች» ካላችሁ አትመኑት። አትሄድም። ክር የተበጠሰበት ጎን አይጠገንም። እሱም ገንዘባችሁን ላለማስወጣት አዝኖላችሁ ነው እንጂ ይህን ያጣዋል ብዬ አልገምትም።

ለፍትሕ ያህል የሌላውንም ወገን ልናገር። አጭር ጎን ያለው ጎማ ያለ ምክንያት አልመጣም። በፍጥነት ሲታጠፍ ጎኑ አይወላወልም፣ መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ትልቅ ቸርኬ ውስጥ ትልቅ ፍሬን ይገባል። ጀርመን አገር አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ትርጉም አለው። ከሳቢያን ከዚራ ለሚመላለስ ሰው ግን ምኑ ነው? ለሠርግ ካልሆነ በስተቀር።

እሺ፣ መኪናዬ አንዴ ባለ አሉሚኒየም ቸርኬ ሆና መጥታለች፣ ምን ላድርግ ለምትሉ፣ ጎማ ሠሪዎቹ ያሰቡላችሁ ነገር አለ። ከቸርኬው ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ጎማውን ዙሪያውን የሚዞር ወፈር ያለ የላስቲክ ከንፈር ያወጡለታል። ይህ ከንፈር ከቸርኬው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያልፋል። መኪናው ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ሲታሽ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ ተፍቆ ዱቄት ይሆናል፣ ቸርኬው ግን ይተርፋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም ተአምር የለውም። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ጎኑ ላይ በፊደል ይጽፉታል። ኮንቲኔንታል «ኤፍ አር» ይለዋል፣ ደንሎፕ «ኤም ኤፍ ኤስ»፣ ጉድዪር «ኤፍ ፒ»። ሳይጽፉት የሚሠሩትም አሉ። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ አትፈልጉ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ከተገጠመ በኋላ ቀጥ ያለ እንጨት ጎኑ ላይ አስደግፉ። እንጨቱ ላስቲኩን ነክቶ ቸርኬው ጋ ካልደረሰ ከንፈሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ቸርኬውን ከነካው ደግሞ ነገ ድንጋዩም እሱን ይነካዋል።

ከንፈሩ የማይሠራበትም ቦታ አለ፤ ሻጭ ሁሉን ያድናል ካላችሁ ሊሸጥላችሁ ነው። ለመታሸት ነው የተሠራው እንጂ ለጉድጓድ አይደለም። በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲቆም ያድናል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ብሬከር ላይ ለሚወጣ ሰው ምንም አያደርግለትም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከታሸም ያልቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማውና ቸርኬው ካልተመጣጠኑ ከንፈሩ ከንቱ ነው። 225/45 አር 17 ጎማ የተሠራው ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ስፋት ላለው ቸርኬ ነው። አሁን አሁን የኛ ሰፈር ልጆች የሚወዱት ፋሽን ግን ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ወጥሮ መግጠም ነው። ጎማው እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ የቸርኬው ጠርዝ ከላስቲኩ አልፎ ይወጣል። በዚያ አኳኋን የተገጠመ ጎማ ቸርኬውን አይጠብቅም፤ ቸርኬው ነው ጎማውን የሚጠብቀው። ዓለም ተገለበጠች!

ሐሳቡ ለድሬ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈር፣ ለገሃር የሚባል ቦታ አናውቅም ነበር። በዚያ የእንፋሎት ዘመን የባቡር ቸርኬ አንድ ወጥ ብረት አልነበረም። ውስጡ ዋናው ቸርኬ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከሐዲዱ ጋር የሚፋጭ ሌላ የብረት ቀለበት ይገጠምለታል። የዚህ ቀለበት ስሙ ጎማ ነው፤ ፈረንጆቹ ዛሬ ለመኪናው ላስቲክ በሚጠሩበት ቃል «ታየር» ይሉታል። አገጣጠሙ ደስ ይላል። ቀለበቱ ከቸርኬው ትንሽ እንዲጠብ ተደርጎ ይሠራል፤ እሳት ላይ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ሰፍቶ ሳለ ቸርኬው ላይ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጨምድዶ ይይዘዋል። ሐዲዱ ሲበላው በማሽን ተልጎ ይስተካከላል፤ ተልጎ ተልጎ ሲሳሳ ይወጣና ሌላ ይገባል። ቸርኬው ግን እዚያው ነው። «ታየር» የሚለው ቃል ራሱ ልብስ ከሚል ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ የቸርኬ ልብስ። ልብስ ይቀደዳል፣ ይቀየራል፤ ገላ አይቀየርም። ያን ወርክሾፕ ከኖሩበት አባቶች ጋር አንድ ሰፈር አድገን፣ ገላውን ለድንጋይ አጋልጠን ልብሱን ማሳጠራችን ነው የሚገርመኝ።

ይህ ሁሉ የቁንጅና ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ቸርኬው ተፋቀ፣ ተፋቀ ነው፤ መኪናው ይሄዳል። ነገሩ የሚከብደው ሲሰነጠቅ ነው።

የብረት ቸርኬ ሲመታ ይጎብጣል። ጉብጠቱ ይታያል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ንፋሱ ይወጣል፤ ይናገራል በአጭሩ። አሉሚኒየም ግን ሲመታ ከመጉበጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጥ በኩል ነው። ከውጭ ያንጸባርቃል። ሹፌሩ የሚያውቀው በሁለት ቀን አንዴ ንፋስ መሙላት ሲጀምር ነው። ከዚያ ምን ይደረጋል? አዲሱ ውድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ከወጣ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ስለዚህ ይበየዳል፤ ተበይዶ፣ በሞረድ ተልጎ፣ ብር ቀለም ተቀብቶ ይመለሳል። አንዳንዴም ለሌላ ሰው ይሸጣል።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬ የመጣው ከብረቱ ብቻ ሳይሆን ከእሳቱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። መበየጃው ያረፈበት ቦታ ያንን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይረሳል። ስንጥቁ ተዘጋ፣ ንፋሱ ቆመ፤ በዙሪያው ያለው ግን ለስላሳ ሆኗል። ሳቢያን ውስጥ በዝግታ ሲነዱት ችግሩ ላይታይ ይችላል። ከደንገጎ ቁልቁል ሲወርድስ? ታኅሣሥ 19 ከቁልቢ ገብርኤል ሲመለስ፣ ቤተሰቡን ሞልቶ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ ኩርባ ላይ ክብደቱ ሁሉ በፊት ጎማ ላይ ሲያርፍስ? እዚያ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ንፋሱን የጣለ መኪና የሚሄድበትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እናም እኔ የላስቲኩን ቁመት የቅንጦት ጥያቄ አድርጌ ማየት አልችልም።

ሌላ የድሬ በሽታ አለብን፤ ንፋስ ማስተንፈስ። «ሙቀት ነው፣ እንዳይፈነዳ ቀነስ አድርገው» ይባላል። ከልብ የመነጨ ምክር ነው፤ ግን የተገለበጠ ነው። ጎማን የሚያፈነዳው በአብዛኛው የንፋስ ማነስ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል ይዘረጋል፣ በመታጠፉ ይሞቃል፣ በሙቀቱ ውስጡ ይላቀቃል። ከዚያ በተጨማሪ ያ የተመካንበት ቁመት ጠፋ ማለት ነው። ምቱን የሚበላው አየሩ ነው እንጂ ላስቲኩ ብቻውን አይደለም። 13 ሳንቲ ሜትር ጎን ያለው ጎማ በግማሽ ንፋስ ከሄደ ቸርኬው ድንጋዩን ያገኘዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሙቀት በአምስት ስድስት ዲግሪ ሲጨምር የጎማ ግፊት በአንድ ፒ ኤስ አይ ገደማ ይጨምራል። መኪናችሁ 33 ያዝዛል እንበል፤ ይህ ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ የተጻፈ ነው። ከሐረር ወርዳችሁ በቀትር ጎሚስታ ጋ ስትለኩት 38 ወይም 39 ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ ፋብሪካው ይህን አስቀድሞ አስቦታል። ደንግጣችሁ 33 ላይ ካስተነፈሳችሁት በማግስቱ ንጋት ላይ የምታገኙት 27 ወይም 28 ነው። ለሳምንት እንደዚያ ትነዳላችሁ፣ ከዚያ ቸርኬው ጎበጠ ትላላችሁ። (በነገራችን ላይ «ሐረር ከፍታ ስለሆነ ንፋሱ ይለያያል» የሚለው ወሬ እውነትነት አለው፣ ግን ልዩነቱ አንድ ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው፤ ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል ደግሞ ብርዱ መልሶ ይወስደዋል። እሱን እርሱት።)

አሁን ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥቶልናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። በሐሳቡ አልከራከርም፤ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው አይከራከርም። እኔን የሚያሳስበኝ እግሩ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ነው። አይዲ 4 የምንላት ፎልክስዋገን ሁለት ቶን አካባቢ ትመዝናለች፤ ባትሪዋ ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። ፔጆ 404 በጠቅላላው አንድ ቶን ከትንሽ ነበረች። ሁለት ቶን ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅና አንድ ቶን ሲወድቅ ቸርኬው ልዩነቱን ያውቀዋል። ለዚህ ብለው ጎማ ሠሪዎቹ ጎኑን አጠንክረው «ኤክስ ኤል» የሚል ይጽፉበታል፤ ከዚያም የበረታ ጭነት ለሚችለው «ኤች ኤል» የሚል አዲስ ደረጃ አውጥተዋል። እዚህ ስንቀይር ግን ስፋቱን አይተን፣ ዋጋውን ተከራክረን፣ እነዚያን ሁለት ፊደሎች ሳናይ እንገጥማለን።

አይዲ 4 ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማዋ ስፋት ይለያያል፤ ስለዚህ የፊቱ ሲበላ ከኋላው ማለዋወጥ የለም። ይህን የሰማ የድሮ ታክሲ ነጂ ምን እንደሚል መገመት ትችላላችሁ። የባሰው ግን ስኮርታ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ መኪናዎች ስኮርታ ጎማ ይዘው አይመጡም። በምትኩ አንዲት ትንሽ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ማጣበቂያ ይሰጧችኋል። ማጣበቂያው ሚስማር የወጋውን ቀዳዳ ይደፍናል። የተቀደደ ጎን ግን አይደፍንም፤ የተሰነጠቀ ቸርኬም አይደፍንም። ቻይና ከተማ ውስጥ ስልክ ተደውሎ በግማሽ ሰዓት ሰው ይመጣል። ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በግንቦት፣ በቀትር ማን ነው የሚመጣው? ስኮርታ በሌለው መኪና ላይ ቀጭን ላስቲክ መግጠም ድፍረት ሳይሆን ሌላ ስም ያለው ነገር ነው።

ስለዚህ የምጠይቃቸው ሰዎች አሉኝ። መኪና አስመጪዎች፣ አንድ ሞዴል በሁለትና በሦስት ዓይነት ቸርኬ ይሠራል፤ ትንሹን ቸርኬና ረጅሙን ጎማ አምጡልን። ርካሽም ነው። ሳሎን ላይ ባያምር እንኳ ለዚህ አገር የተሠራ የሚመስለው እሱ ነው። ጎማ ሻጮች፣ «ኦሪጅናል ነው» ከማለት በፊት ከንፈር እንዳለውና እንደሌለው፣ የተመረተበትንም ጊዜ ንገሩን። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የሚናገሩት ይህን ነው፤ 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። በድሬ ሙቀት ዓመታት መጋዘን ያሳለፈ ላስቲክ ይደርቃል፤ የደረቀ ከንፈር ደግሞ ድንጋይ ሲነካው አይፋቅም፣ ይቆረሳል።

የከተማው መንገድ ሠሪዎችንም አልተዋቸውም። የጠርዝ ድንጋይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው መኪና እግረኛው ላይ እንዳይወጣ ነው፤ ይገባኛል፣ እግረኛ ነኝና እደግፋለሁ። መኪና እንዲቆምበት በተፈቀደበት ጥላ ሥር ግን የድንጋዩ አፍ እንደ ቢላ ስለት መሆን የለበትም። ከላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክብ ተደርጎ ቢጠረብ፣ ላስቲኩ ከፍ ብሎ ይንሸራተታል፣ ቸርኬው አይነካም፣ እግረኛውም ምንም አይጎድልበትም። ድንጋይ የሚጠርብ ወጣት በዚህ ከተማ አልጠፋም።

እስከዚያው ግን ለሐምሌው ገብርኤል ቁልቢ የምትወጡ ካላችሁ፣ በዋዜማው ንጋት ላይ፣ መኪናው ሳይነሳና ፀሐይ ጎኑን ሳታገኘው ንፋሱን አስለኩ፤ ጎሚስታው ክሪኩን ሲያነሳም «የቸርኬውን የውስጥ በኩል በጨርቅ ጠርገህ አሳየኝ» በሉት።